ስም የጠፋበት አውጫጭኝ

ጥቁሩ መስኮት አማርኛ አይችልም ነበር። በዚያን ጊዜ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከጥቁሩ መስኮት ጋር የምነጋገር ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ አለመቻሉን የማውቀውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ተመልሼ፣ የገበሬ መሬት በሚመዘግብ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ እያንዳንዱን ባለ ይዞታ በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም፣ ከአዋሳኞቹ ጋር ዳታቤዝ ውስጥ ማስገባት ነው። ዳታቤዝ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለ ጎተራ ነው፤ እህሉ ስም ነው" እለው ነበር። ስም የምጽፍበት መልክ ያለው ፕሮግራም ነበረን። ጎተራውን በቀጥታ ማናገር ሲያስፈልግ ግን ትእዛዝ እየጻፉ መልስ የሚጠብቁበት ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ነጭ ጽሑፍ ብቻ።

የአማርኛ ስም ሲጠይቁት ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባዕድ ምልክት ይዘረግፋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማሽኑ ያበደ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። የፈረንጁ ፊደል ማሽኑ ውስጥ አንዱ በአንድ ክፍል ያድራል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ክፍል ይይዛል። ጥቁሩ መስኮት ይህን አስቀድመው ካልነገሩት፣ ሦስቱን ክፍል እንደ ሦስት ፊደል ቆጥሮ የማይነበብ ነገር ያሳያል። የሚታየው ያስቀይም እንጂ ጎተራው ውስጥ ያለው ስም ደህና ነው። ስለዚህ ለምጄው ነበር፤ መልኩ ቢከፋም ስሙ አለ እያልኩ ሥራዬን እሠራለሁ።

ፊት ለፊቴ የሚቀመጡትን ባልደረባዬን ጋሼ ነበር የምላቸው። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ይችላሉ። በጓሳ ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ ተወልደው ያደጉ፣ ቤታቸውም ሚስታቸውም ገብሳቸውም እዚያው ያለ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ከተማ የሚያድሩ ሰው ናቸው። ገመድና ቅጽ ተሸክመው ከማሳ ማሳ እየዞሩ መሬት የሚለኩትና ስም የሚያመጡት እሳቸው፣ ያመጡትን ወደ ማሽኑ የማስገባው እኔ። ማሽኑን "ሳጥኑ" ይሉታል። ጠዋት በርኖሳቸውን ሳያወልቁ "ሳጥኑ እንዴት አደረ?" ይሉኛል። "በርዶታል፤ እርስዎን ሲጠይቅ ነው ያደረው" እላቸዋለሁ። ያቺን ቀልድ በየቀኑ ብንደግማትም አትሰለቸንም ነበር።

የቀበሌያቸው ሰው ስሙን የሰጠው በመከራ ነው። የመሬት ሽግሽጉ ዘመን ከማንም ልብ አልወጣም፤ ስሙ የተጻፈ ሰው መሬቱ ይቆረሳል የሚል ፍርሃት ነበር። ጊዜውም ክፉ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ያሉት ወራት ናቸው። ሰው ገበያ መሀል እንኳ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚያወራው፤ ሚሊሻው ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ያያል። በዚህ መሀል ጋሼ ቤት ለቤት ዞሩ። "ስማችሁን ለመንግሥት መስጠት ከፈራችሁ ለኔ ስጡኝ። አደራው የኔ ነው" አሏቸው። ሰዎቹም ለእሳቸው ብለው ሰጡ። የይዞታ ደብተር ለዚያች ቀበሌ ገና አልታደለም፤ የተሞሉት ቅጾች ለማጣራት ተብለው ለበላይ አካል ከተላኩ ቆይተው ነበር፤ የት እንደደረሱም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የዚያ ሁሉ ሰው ስም ያለው ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ነው። ለመኖሩ ዋሱ ጋሼ ናቸው።

አንድ ሐሙስ ከላይ የተላከ ባለሙያ አዲስ ማሽን ይዞ መጣ። አሮጌው እየተንገዳገደ ስለነበር ደስ ብሎን ተቀበልነው። ሥራውን ያውቃል፤ ጣቶቹ ለዓይን አይያዙም። ከአሮጌው ማሽን ጎተራውን እንዳለ ወደ ሲዲ ገለበጠ፣ አዲሱ ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፈተ፣ አዲስ ጎተራ ሠራ፣ የተገለበጠውን አስገባ። ሚኒባሱ ሊነሳ ነው ብለው ሁለቴ ሰው ልከውበታል።

"ፊደሎቹንስ አየሃቸው?" አልኩት።

"ቁጥሩ ልክ ነው። የወጣውና የገባው እኩል ነው" አለኝ ሰዓቱን እያየ። "የስም ማስገቢያውን ፕሮግራም ሌላ ጊዜ መጥቼ እጭንላችኋለሁ። እስከዚያው በጥቁሩ ተገልገሉ።"

አሮጌውን ማሽን ሆዱን ባዶ አድርጎ በላስቲክ ጠቅልሎ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሳሰረና ሄደ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይላሉ። በዚህኛው ግን ያፈሰሰው ሌላ፣ የለቀመው ሌላ ሆነ።

በማግስቱ ከጋሼ ቀበሌ አንድ ገበሬ መጣ። በዕድሜ የኔ እኩያ ነው፤ በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ፣ ማንበብ የሚችል፣ ነገር ካነሳ የማይለቅ ሰው። ከጎረቤቱ ጋር የድንበር ክርክር ስላለበት አዋሳኙ እንዴት እንደተመዘገበ ማየት ፈልጓል። ፕሮግራሙ ስላልተጫነ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩና በይዞታ ቁጥሩ ጠየቅሁት። መስኮቱ መለሰ፦

???? ??? ?????

"ምንድን ነው የሚለው?" አለኝ ከጀርባዬ ጎንበስ ብሎ።

"ስምህ ነው። ይሄ መስኮት አማርኛ አይችልም፤ አትሳቀቅ።"

"እኔ ስሜን ብጠይቀው እሱ መልሶ እኔን ይጠይቀኛል?"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። "የጎረቤቴንስ ጠይቂው እስቲ" አለኝ። ጠየቅሁት። ያው ነው፤ የፊደሉ ብዛት ይለያይ እንጂ ሁሉም የጥያቄ ምልክት። "የቄሱንስ?" አለ። የቄሱም ያው። "የአባቴንስ? በአባቴ ስም ያለውን?" ያንንም ጠየቅሁለት። ማያ ገጹ ላይ የሚነበብ አንድ የእኛ ፊደል አልነበረም። ገበሬው ቀና አለ፣ በትሩን ከግድግዳው አነሳና ሳይሰናበተኝ ወጣ። በእኛ አገር ሰው ሳይሰናበት ከቤት አይወጣም፤ ከወጣ ነገር አለ ማለት ነው።

እኔንም ያኔ ነው ነገሩ የከበደኝ። አሮጌው ማሽን ላይ ለአንድ ፊደል ሦስት ባዕድ ምልክት ነበር የሚወጣው። አሁን ግን ለአንድ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት። መስኮቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው ስሙ እንዳለ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የሚለየው አንድ መንገድ ነው፤ ፊደሉን ትቶ በየክፍሉ የተቀመጠውን ቁጥር ዘርግፍ ብሎ ማዘዝ። የእኛ ፊደል ሁሉ የመጀመሪያ ክፍሉ ላይ ኢ-አንድ የሚባል ቁጥር አለው። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ሦስት-ኤፍ ነው። ኢ-አንድ ካለ ስሙ በሕይወት አለ። ሦስት-ኤፍ ከሆነ ስሙ ሞቷል፤ ከሞተ በኋላ ማንም ሊቅ አያስነሳውም፤ ሁሉም ፊደል ወደ አንድ ምልክት ስለተለወጠ የትኛው የቱ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ጋሼ ሲገቡ ነገርኳቸው።

"ጠፋ ነው የምትይኝ?"

"አላልኩም። እስካረጋግጥ ይጠብቁ። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳይወጣዎት።"

"ልጄ፣ ያ ሰው አሁን መንገድ ላይ ነው። እኔ ዝም ብል እሱ ዝም አይልም።"

ትእዛዙን ልጽፍ እጄን ስዘረጋ መብራት ጠፋ። የመሐል ሜዳ መብራት እንደዚያ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ተቀምጠን ጠበቅን፤ አልመጣም። ዓርብ ስለነበር ጋሼ በርኖሳቸውን ደርበው ወደ አገራቸው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ እንደወትሮው ከሰው ጋር እያወሩ ሳይሆን መሬት መሬቱን እያዩ ነበር የሚሄዱት።

ቅዳሜ በዚያች ቀበሌ የሆነውን ያወቅሁት ከፊሉን ከራሳቸው ከጋሼ፣ ከፊሉን ከዲያቆኑ ገበሬ በኋላ ነው። ጠዋት አገር ሁሉ ለአውጫጭኝ ተጠራ። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ያደረሰው ሰው ሳይታወቅ ሲቀር ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ የሚነሳ የለም። ወፍ የሚባሉ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ያየም፣ የሰማም፣ የጠረጠረም ሰው በየተራ በጆሯቸው ያንሾካሹክላቸዋል። እነሱ ማን እንደነገራቸው አያወጡም፤ "ወፍ ነገረችን" ነው የሚሉት። ስለ ጠፋ በሬ ሲደረግ ሰምቼ አውቃለሁ። ስለ ጠፋ ፊደል ይደረጋል ቢሉኝ ግን እስቅ ነበር።

ለእነሱ የሚያስቅ ነገር አልነበረበትም። ስማቸውን በአደራ ሰጥተዋል። የሰጡት ከተቀመጠበት የለም፤ ማንበብ የሚችል ሰው በዓይኑ አይቶ መጥቷል። ዕቃ ከተቀመጠበት ከጠፋ የወሰደው ሰው አለ። ስሙን የወሰደ ደግሞ መሬቱን ሊወስድ ነው። ሜዳው ዳር ሁለት ሚሊሻዎች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ማን እንደላካቸው የጠየቀ የለም። ሴቶቹ መሬታችን ሊሄድ ነው ብለው ማልቀስ ሲጀምሩ የጋሼ ሆድ አልቻለም። ተነሥተው መሀል ገቡ።

"ስማችሁ በቦታው አለ!" አሉ። "ሳጥኑ ማሳየት አቅቶት ነው እንጂ አለ። ከሌለ ታቦቱ ይፍረድብኝ።"

ማሉ። ሳላረጋግጥ ሳልነግራቸው ማሉ። በኋላ ሲነግሩኝ በንዴት ጠረጴዛውን መትቼው ነበር። "ምን ያስምልዎታል፣ ማን ይማሉ አለዎት?" አልኳቸው። "ሲያለቅሱ እንዴት ልቻለው?" ነበር መልሳቸው። ከማሉ በኋላ ትልቁ ሽማግሌ፣ ከቀበሌው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትና ነገሩን የሚመሩት ሰውዬ፣ "አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ ወፍ ስትነግር አትኖርም" ብለው ወደ ቤታቸው ሸኟቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋሼ አልሰሙም።

ወፍ ነገረች። ስሙን የሰበሰበ፣ ስሙን የተሸከመ፣ ስሙ የተቀመጠበትን ቤት ቁልፍ የያዘ ማን ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ግን ሌላ የሚለቀምበት ሜዳ አላዩም። ሽማግሌዎቹም በደንቡ መሠረት የሰውዬውን ስም አልጠሩም። ትልቁ ሽማግሌ ተነሥተው አወጁ፦ "የወሰደ ሰው እስከ ነገ ቅዳሴ መውጫ ይመልስ። ከመለሰ አይጠየቅም፣ ስሙም አይነሳም። ካልመለሰ እሳት አይጫርለት፣ ደቦ አይወጣለት፣ ሲሞትም አይቀበር።" ይህንን ሁሉም ሰማ። ያልሰማው ሰውዬው ራሱ ነው።

እኔ በዚያው ቅዳሜ ቢሮ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ መብራት መጣ። ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፣ ከጋሼ ቀበሌ አንድ ስም መረጥኩ፣ ቁጥሩን ዘርግፍ አልኩት። ሦስት-ኤፍ፣ ሦስት-ኤፍ፣ ሦስት-ኤፍ። ሌላ ስም መረጥኩ። ሦስት-ኤፍ። የቀበሌውን በሙሉ ጠየቅሁት፤ ማያ ገጹ ከላይ እስከ ታች በሦስት-ኤፍ ተሞላ፤ እየተንሸራተተ አላልቅ አለ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ አንድ አገር ሙሉ ሰው ፊቴ የሞተ መሰለኝ።

ወደ ኃላፊያችን ቤት ሮጥኩ። ስብሰባ የሚወዱ፣ ችግር የማይወዱ ሰው ናቸው። በጥሞና ሰሙኝና "የጥያቄ ምልክት ነው አልሽኝ?" አሉ።

"አዎ።"

"ታዲያ የጥያቄ ምልክት ምን ክፋት አለው?"

እንደገና አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ተነሥተው በሩን ዘጉት። "ለማንም አልተናገርሽም?" አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው። "ጥሩ። ይሄ በዚህ ጊዜ ሌላ ትርጉም ነው የሚሰጠው። ስሙን ከሕዝቡ የሰበሰቡት ባልደረባሽ አይደሉ? ተጠያቂ ካስፈለገ እሳቸው ይጠየቃሉ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ዕድሜሽን አታበላሺ።" በደግነት ነበር የተናገሩት። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያንገሸግሸኝ ደግነታቸው ነው።

ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ባለሙያው ያደረገውን አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርኩ። ከአሮጌው ገለበጠ፤ በሲዲ። ሲዲውን ወደ አዲሱ አስገባ። ከዚያ ሚኒባሱ ጠራው። ሲዲውን ሲያወጣ አይቻለሁ? አላየሁም። የማሽኑን ሲዲ መክተቻ ተጫንኩ፤ ምላሱን አወጣ፤ ሲዲው እዚያው ተኝቷል። የኃላፊያችንን ምክር ወደ ጎን የተውኩት ያኔ ነው።

ሲዲው ላይ ያለውን ፋይል አማርኛ በሚያሳይ መጻፊያ ከፈትኩት። ስሞቹ ነበሩ። ከእነ አባታቸው፣ ከእነ አያታቸው፣ ከእነ ወንዛቸውና ከእነ አዋሳኛቸው። የሆነውም ወለል ብሎ ታየኝ። አሮጌው ማሽን ፊደል መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ቁጥሩን እንዳለ ተሸክሞ ኖሯል፤ ስላላወቀ አልነካውም። አዲሱ ግን አዋቂ ነው። ባለሙያው አዲሱን ጎተራ ሲሠራ የምን ፊደል እንደሚገባበት ስላልነገረው፣ እንደ ልማዱ ለፈረንጅ ፊደል ብቻ የሚሆን አድርጎ ሠራው። የእኛ ፊደል በሩ ላይ ሲደርስ ማስገቢያ ስለሌለው፣ እያንዳንዱን መልሶ በምትኩ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። ሰው አልሰረቀም፤ ሰው አልሰረዘም። አንዲት መስመር ትእዛዝ ሳትጻፍ ቀረች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ያቺን መስመር ጻፍኩ። ጎተራውን ለእኛ ፊደል አድርጌ ከመሠረቱ ሠራሁት፤ ለጥቁሩ መስኮትም በመጫኛው ሰዓት የሚያሳልፈው ፊደል ምን እንደሆነ አስቀድሜ ነገርኩት፤ ከዚያ ከሲዲው ጫንኩ። እየጫነ ሳለ መብራቱን እያየሁ እጸልይ ነበር። ሲጨርስ ቁጥሩን ዘርግፍ አልኩት። ኢ-አንድ። ኢ-አንድ። ኢ-አንድ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የጋሼን ቀበሌ ስም በሙሉ አማርኛ በሚያሳየው መጻፊያ አዘጋጅቼ አተምኩ፤ ወረቀቱ ሞቅ እንዳለ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ጋሼን አዳንኩ ብዬ ነበር የማስበው።

እሑድ ጠዋት ወደ ጓሳ አቅጣጫ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩና ከጥርጊያው መንገድ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ጉም ወርዶ ስለነበር መንገዱ ዳር ያለው ረጅሙ ተክል፣ ጅብራው ራሱ፣ የቆመ ሰው እየመሰለኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ደንግጫለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመታየቱ በፊት የቅዳሴው ድምፅ ይሰማ ነበር። ጋሼ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ፊቴን ፊቴን አዩ።

"አሉ" አልኳቸው። "ሁሉም አሉ። ይኸው።"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የጎረቤቶቻቸውን ስም አንድ በአንድ ሲያገኙ እንባቸው መጣ። "አላልኩም? ብዬ አልማልኩም?" አሉኝ። ትናንት ጠዋት ስሞቹ ማሽኑ ውስጥ እንዳልነበሩ ልነግራቸው አፌን ስከፍት አልጠበቁኝም። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ሮጡ። የዚያ ዕድሜ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። እኔ ከኋላ፣ የቢሮ ጫማዬ በጭቃው እያዳለጠኝ።

ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ወረቀቱን እያውለበለቡ መሀል ገቡ። "ስማችሁ ይኸው! ይኸው፣ አንድ አልጎደለም!" አሉ። እልልታ ነበር የጠበቅሁት። እናቶች ግን አቀርቅረው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዲያቆኑ ገበሬ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ እንደተገረመ ሰው ሳይሆን እንዳሰበው የሆነለት ሰው አስተያየት ነበር። እኔ ምንም አልገባኝም። ጋሼ የአገሩ ሰው ናቸውና ከኔ በፊት ገባቸው። ከፍ ያለው እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ።

ትልቁ ሽማግሌ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ለዲያቆኑ ሰጡት። እሱም የራሱን ስም ፈልጎ አገኘ፣ የአባቱንም አገኘ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ "አለ" አላቸው። ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ የሳጥኑ ሰው አንቺ ነሽ አሉ። እውነቱን ንገሪን። ትናንት ይሄ ሰው ታቦት ጠርቶ ሲምል፣ ስማችን ሳጥኑ ውስጥ ነበር?"

ጋሼ አዩኝ። በሙሉ ልብ ነበር ያዩኝ፤ ነበር እንደምል አልተጠራጠሩም።

"ትናንት ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም" አልኩ። "ግን እሳቸው አይደሉም! ከላይ የመጣው ባለሙያ ነው። ስሙ ሌላ ቦታ፣ በሲዲ ላይ ነበር። ፊደላችን ሦስት ክፍል ይፈልጋል፣ አዲሱ ጎተራ ደግሞ..." ስናገር የራሴ ቃል ለራሴ ተሰማኝ። አልነበረም ካልኩ በኋላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ቦታ ነበር ማለቴን ግን ሁሉም በደንብ ሰምቷል።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። "ይበቃል ልጄ። ዕቃው ተመልሷል። የመለሰ አይጠየቅም ብለናል፤ ቃላችን ቃል ነው።" ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው ድምፃቸውን አለዘቡ። "አንተም ሰው ነህ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ይቅር ብለንሃል።"

"ምን አጠፋሁና?" አሉ ጋሼ።

የአውጫጭኝ ክፋቱ እዚያ ጋ ነው። ሌባ ነህ ያላቸው ሰው ቢኖር አይደለሁም ይሉት ነበር። ማንም ምንም አላላቸውም። ያልተባሉትን እንዴት ይካዱ? ዙሪያውን አዩ። ከሴቶቹ መሀል ሚስታቸው ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ለሁለት ሰው የሚበቃ ሣር ባዶውን ቀርቷል፤ እሳቸውም ያንን ባዶ ሣር በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። ጋሼ ያንን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፣ ውርጩም ሊወርድ ነው፤ ሚስታቸው ሲያማቸው እሳት የሚጭርላቸው፣ ቢሞቱ የሚያነሣቸው ይሄው የተቀመጠው ሰው ነው።

ጎንበስ አሉ። ከእግራቸው ሥር ድንጋይ አነሡ፤ ትከሻቸው ላይ አደረጉና ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ጉልበታቸውን መሬት አስነኩ። "ማሩኝ" አሉ።

"አይደሉም!" ብዬ ጮኽኩ። "ምንም አላደረጉም፤ እኔ ነኝ የማውቀው!" አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። "ተይ እቱ፣ እየታረቁ ነው" አለችኝ በለሆሳስ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረዱላቸው፤ አንድ በአንድ ሳሟቸው። እልልታው የመጣው ያኔ ነው። ሚሊሻዎቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደ መንገዱ ወረዱ። አለቀስኩ፤ ሰዎቹ በደስታዬ መስሏቸው ነበር።

ሰኞ ጋሼ ሥራ ገቡ። ሳጥኑ እንዴት እንዳደረ አልጠየቁኝም። ኃላፊያችን "በመረጃ አያያዝ ረገድ የታየው ክፍተት በሕዝብ ተሳትፎ ተፈትቷል" ብለው ሪፖርት ጻፉ። ባለሙያው ከወራት በኋላ መጥቶ ፕሮግራሙን ጫነልን። የሆነውን ስነግረው "ወይ ጉድ! ታዲያ ለምን አልደወላችሁልኝም?" አለኝ፤ ከልቡ ነው ያዘነው፤ ሚኒባሱም እየጠበቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሞቹ ባማረ ፊደል ይታያሉ፤ ዲያቆኑ ገበሬም የድንበር ክርክሩን በእነሱ ረታ።

ጋሼን ማንም አልከፋባቸውም። ለገብሳቸው ደቦ ወጣላቸው፣ በማኅበር ተጠሩ፣ ሚስታቸው ሲታመሙ ሰው ቤታቸውን ሞላው። እኔ ግን ውስጤ አላረፈም፤ በቀጣዩ ዓመት አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ አንድ ጎረቤታቸው ደጅ ላይ ቆመ። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት። ግባ ቢባል አልገባም፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

"ጋሼ፣ አንዲት ነጭ በግ ከትናንት ጀምሮ ጠፍታብናለች" አለ በትሕትና። "ምናልባት እርስዎ ጋ ካለች፣ እኛ ምንም አንልም። እንዲያው ሲመሽ ወደ ደጃችን ይልቀቁልን።"

ጋሼ የያዙትን ቆሎ ወደ ሳህኑ መለሱ።

"እሺ" አሉት።